የማርቆስ ጣረሞቶች
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በቡና ሰዓት የቀረበ ንግግር)

ጸሐፊያችን «ስለ ከተማችን ታሪክ ጥቂት ንገሪን፤ ደረቅ ግን እንዳይሆን» ስላሉኝ ታሪኩን በጣረሞት አጅቤ መጥቻለሁ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ፈሪ ካለች ሦስተኛውን ሳትጠብቅ ብትሄድ አንቀየማትም።

ማርቆስ ያደገች ሁሉ ታውቀዋለች፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ተረት ይጀመራል። አያቴ ምድጃ ዳር ተቀምጣ፣ በንጉሡ ግቢ በኩል ሌሊት ሌሊት የፈረስ ኮቴ ይሰማል ትለን ነበር። ንጉሡ የምትላቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ነው። የቀድሞ ስማቸው አዳል ተሰማ ነበር፤ በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ብለው አነገሧቸው። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማችን በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም መጠራት የጀመረችውም በእሳቸው ዘመን ነው። አያቴ ይህን አልነገረችኝም። እሷ የምታውቀው ኮቴውን ነው። «ለምን ሌሊት ይጋልባሉ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «እንባቦ የቀሩትን ሊጠሩ ነዋ» አለችኝ።

እንባቦ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ አንብቤ ነው። በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ፣ ሆሮ ጉዱሩ ላይ፣ ንጉሡ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ገጠሙ። የጎጃም ጦር ተሸነፈ፤ እሳቸውም ተማረኩ። መከራው በዚያ አላበቃም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ሳር ውኃ ላይ ድል አድርገዋቸው ጎንደርን አቃጠሉ። ወዲያው ደግሞ አፄ ዮሐንስ «ከምኒልክ ጋር መክረህብኛል» ብለው ጦራቸውን ይዘው ጎጃምን አጠፉ። ከዚያ የከብት እልቂት መጣ፤ ክፉ ቀን መጣ። አያቴ ይህን ሁሉ አላየችም፤ ከእናቷ የወረሰችው ያንን ኮቴ ብቻ ነው። አሁን ሳስበው፣ ስንቱ ሰው አልቃሽ ሳያገኝ፣ አፈር ሳይለብስ ቀርቷል? እንዲህ ያለ ሰው በተረት ቢመላለስ ምን ይገርማል?

የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ ደግሞ በአያቴ ተረት ሌሊት ብር ይቆጥራሉ። ሲቆጥሩ ይነጋባቸዋል፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ይህንን ስትነግረን ትስቅ ነበር። ግብራቸው የከበደ ሰው ነበሩና ገበሬው የተበቀላቸው በዚህ ይመስለኛል። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓ ድረስ የሄዱት እኚህ ትልቅ ሰው፣ በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከፍቼ አስመልጠዋል ተብለው ታሰሩ፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሚቆጥሩት የማንን ብር እንደሆነ አያቴን አልጠየቅኋትም።

በላይ ዘለቀን ግን በጣረሞት ተረት ውስጥ አስገብታው አታውቅም። አምስት ዓመት ጣሊያንን ተዋግቶ፣ ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ስሙ ሲነሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዝም ትላለች። ያን ዘመን በዓይኗ አይታዋለችና ተረት አልሆነላትም።

አሁን ሦስተኛው ቡና ተቀዳ፤ ወደ መጣሁበት ልግባ።

አያቴ የምትነግረን ሌላ ተረት ነበራት፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ሆና መቃብር ትሄዳለች። የሞተውን በስሙ ትጠራዋለች። ይነሳል፤ ቤቷ ወስዳ አገልጋይ ታደርገዋለች። እንግዳ ሲመጣ በበትር መታ ታደርገውና ጋን ይሆናል።

ንጉሡ ጋልበው የጎዱት ሰው የለም። ይህኛው ተረት ግን ጎድቷል፤ የጎዳሁበትም እኔ ነኝ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የምትቀመጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። በእረፍት ሰዓት ልጆች ሰብስቤ ያንን ተረት አወራሁ፤ ስሟንም ጨመርኩበት። በሳምንቱ አብሯት የሚቀመጥ ጠፋ። ሰው በውኃ መጠጫዋ መጠጣት ተወ። ዓመቱን አልጨረሰችም።

ይህ የእኔ የልጅነት ድንቁርና ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት። ነገሥታቱም ያውቁት ነበር። አፄ ቴዎድሮስን እናታቸው ኮሶ ሸጣ አሳድጋቸዋለች ብለው ጠላቶቻቸው ሲሰድቧቸው ኖረዋል። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አያት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ የተዋጉት ከዚሁ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ጋር ነው፤ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ወደቁ። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን፣ ሸማኔን፣ ፋቂን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። እኔ በክፍል ውስጥ ያወራሁት ከአዋጁ ብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ምክንያቱን ብዙ አስቤበታለሁ። ባለ እጅ ብዙውን ጊዜ ርስት አልነበረውም። መሬት የሌለው ሰው በአገራችን እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይፈራል። በእሳትና በጭቃ ሲሠራ በማየት ብቻ ሰው «ምን አለበት» አይልም፤ «ከማን ጋር ተማምሎ ነው» ይላል። በምጣዷ ጋግረን፣ በድስቷ ወጥ ሠርተን፣ በጀበናዋ ቡና አፍልተን እየጠጣን ነው ይህን የምንለው። ይህ ከፊታችን ያለው ጀበና ከሰማይ አልወረደም።

ለቁጠባ ቡድናችን ሦስት ሸክላ ሠሪዎች ማመልከቻ አስገብተዋል። «አባላት ይሸሻሉ» የሚል ድምፅ ከኮሚቴያችን ውስጥ መሰማቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከሦስቱ አንዷ ያቺ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች።

ትናንት ቤቷ ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ጠጣሁ። የልጅነቱን ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ማዶ ተደርድረው የሚደርቁትን ጋኖች አሳየችኝና፣ «እኔም ተረቱን ሰምቼዋለሁ። ስንት ጋን ሰበርኩ መሰለሽ፤ አንድም ሰው አልወጣውም» ብላ ሳቀች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «አራተኛ ክፍልን ግን ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ማመልከቻቸው የዛሬው አጀንዳ ቁጥር አራት ነው። ሰብሳቢያችን አሁን ያነቡታል፤ እጅ የማወጣው እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ።