ስኮርታ ጎማ ወይስ የቀዳዳ ማሸጊያ?



ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም። ፋብሪካው ክብደትና ቦታ ለመቆጠብ ሲል በምትኩ የማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ የአየር መሙያ ያስቀምጣል።

ፈሳሹ ጎማው ውስጥ ይሰራጭና በሚወጣው አየር ተገፍቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። በጎማው መርገጫ በኩል ሚስማር የበሳው ቀዳዳ፣ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሚሊሜትር ካልበለጠ፣ በዚህ ይታሸጋል። ሾፌሩም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ እስከ ጎሚስታው ይደርሳል። ለአዲስ አበባ ይህ ይበቃል።

ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው የአፋር ቆላ መንገድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለታም ድንጋይ የጎማውን ጎን ቢሰነጥቀው ፈሳሹ አንዳች አይፈይድም፤ መንገደኛው በሐሩር ውስጥ ረዳት ሲጠብቅ ይውላል። ስኮርታም ቢሆን አየሩ ካልተለካ፣ ክሪክና የብሎን መፍቻ ካልተሟላለት፣ ከሸክምነት አያልፍም።

ስለዚህ ባለሙያው ደንበኛውን አስቀድሞ «ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ከከተማ ለሚርቅ ሰው ለመኪናው ልክ የሆነ ስኮርታ ያስይዘው፤ በከተማ ለሚውለውም የፈሳሹን የማብቂያ ቀን ያሳየው። ስንቅ የሚቋጠረው እንደ መንገዱ ነውና።