የወገራ ጉልበትና የከተማው ብልሃት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከጎንደር ወደ ደባርቅ ለሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስ በወገራ ደጋ ላይ ትገኛለች። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚበቅልበት የዚህ አገር መሬት በውርስ እየተከፋፈለ ስለ ጠበበ፣ ከጎልማሳው ከፊሉ ወደ ጎንደር ግንባታ፣ ከፊሉም ወደ መተማ ሰሊጥ ሲወርድ ኖሯል። ይህ ፍልሰት የከተማውን ድርጅት ለአዲስ ዘዴ ያነቃዋልን ወይስ ያሰንፈዋል?

ብሪታንያዊው የምጣኔ ሀብት ታሪክ ሊቅ ሃባከክ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካኖች ከእንግሊዞች ቀድመው እጅን በሚተኩ መሣሪያዎች ለመሥራት የተነሡት ሠራተኛ ስላነሳቸውና ደመወዙ ስለ ከበዳቸው ነው ሲል ተከራክሯል።

በዚህ መለኪያ ከጥፋተኞቹ አንዱ እኔ ነኝ። በ2007 ዓ.ም. በጎንደር አንድ ሕንፃ ሳሠራ፣ ኮንክሪት ወደ ላይ የሚያወጣ ዊንች ይገዛ የሚል ሐሳብ ቢቀርብልኝ፣ «የወገራ ሰው ሞልቶ ሳለ ለምን?» ብዬ መለስሁት። ጥቅምት ሲገባ ሰሊጥ ደረሰ። ሰሊጥ ደግሞ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህም የአጫጁ ዋጋ ይንራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ባሬላ ተሸካሚዎቼ ቆላ ወረዱ፤ ሥራውም ቆመ።

ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ፣ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ፣ «ኢንጅነር፣ ውሃ ከጕድጓድ በመዘውር ይወጣ የለም እንዴ? ኮንክሪቱንስ ምን ይከለክለዋል?» አለኝ። ከእንጨት፣ ከገመድና ከአሮጌ ቸርኬ መዘውር ሠራን። ስምንት ሰው በመወጣጫ ይሸከመው የነበረውን ሦስት ሰው አወጣው። ሰሊጡ አልቆ ሰዎቹ ሲመለሱም መዘውሩ ከቦታው አልተነሣም።

ይሁን እንጂ የጉልበት መብዛት ሁልጊዜ ብልሃትን ያጠፋል ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በድሬዳዋ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞቻችን የተዛመተው የኮብልስቶን ንጣፍ፣ በመሮና በመዶሻ ብዙ እጅ የሚፈልግ በመሆኑ፣ ያንኑ ብዛት ወደ አዲስ ሙያ ለውጦታል።

የሚጸጽተኝ ሌላ ነው። ለዚያ ገበሬ የከፈልሁት የቀን ዋጋውን ብቻ ነበር፤ በተከታዩም ዓመት ወደ እኔ አልተመለሰም። ስለሆነም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በየሥራ ቦታችን የዕለት መዝገብ ላይ ለሠራተኛው ሐሳብ አንድ ዓምድ፣ በጨረታ ሒሳባችንም ውስጥ ለዚያ ሐሳብ ዋጋ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይያዝ።