የቮልስ የኋላ እግር

የተሰጠኝ ርዕስ የአሮጌ መኪናን እግርና መሪ ስለ ማሻሻል ነው። ለምሳሌ የምይዘው የአዲስ አበባን ዳገት የለመደውን ቮልስ ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የክርክሬ ፍሬ ነገር፣ የዚህን መኪና አያያዝ የሚያሻሽለው እግሩን ማጠንከር ሳይሆን የኋላ ጎማው ከሥሩ እንዳይታጠፍ መከላከል ነው የሚል ነው።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። በአብዛኞቹ የቀድሞ ቮልሶች ሰሚያሱ የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው፤ በጎማው በኩል መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ዘንበል ይላል። በኩርባ ላይ መሬቱ የውጭውን ጎማ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ግፊቱ የሚያርፈው ከመታጠፊያው በታች ስለሆነ የመኪናውን ኋላ ወደ ላይ ያነሳል፣ ጎማውም ከሥር ይገባል። ሹፌሩ ደንግጦ ነዳጅ ሲለቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ኋላው የባሰ ይነሳል፣ መኪናው በጅራቱ ይዞራል። ለኮረኮንች ብሎ ኋላውን ከፍ የሚያስደርግ ሰው ይህን አደጋ ገና ጋራዥ ውስጥ ሳለ ያዘጋጀዋል።

«ታዲያ ኋላው ላይ ወፍራም ማረጋጊያ ብረት እንሰር» የሚል አይጠፋም። ይህ የኋላ እግር ግን ሲፈጠርም ማዘንበልን አጥብቆ የሚቃወም ነው፤ ብረት ሲጨመርበት የውጭው ጎማ ሸክም ይብሳል። ማረጋጊያ ብረት ቦታው ከፊት ነው፤ ፋብሪካውም በ1960 ሞዴል ያሰረው እዚያ ነው። በ1967 ሞዴል ደግሞ ከኋላ የተገላቢጦሹን ሠራ፦ የሚጠማዘዙትን የሞላ ብረቶች አቀጠነ፣ በጎማዎቹ መካከል ያለውን ስፋት ጨመረ፣ በዜድ ቅርጽ የታጠፈ ብረትም አስገባ። እስቲ አንድ እጃችሁን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርጉ። ብረቱ እንዲህ ነው። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሱ ይጠማዘዛል፣ ጭነትም ይሸከማል፤ አንዱ ተነስቶ ሌላው ሲወርድ ግን ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ አይቃወምም። ሸክሙን ሳይቀንሱ በኩርባ ላይ ያለውን ግትርነት መቀነስ ማለት ይህ ነው። ከዚህ የበለጠ ብልህ ቁራጭ ብረት በዚህ መኪና ላይ አላውቅም።

አሜሪካዊው የመኪና ደህንነት ተሟጋች ራልፍ ኔደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የከሰሰው የሸቭሮሌ ኮርቬይርም እግሩ የዚሁ ዘመድ ነበር። በ1972 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት ጥናት፣ ቮልስን ጨምሮ ከዘመኑ መኪኖች ጋር አነጻጽሮ ኮርቬይር ከእነሱ የባሰ አይደለም ማለቱን የሚያነሳ ይኖራል። ከእኩዮች አለመባስ ግን ደህና መሆን አይደለም። ኩባንያው ራሱ በ1964 ከኋላ ባሌስትራ ጨምሯል፣ በ1965 የኋላ እግሩን ከነጭራሹ ለውጧል። ቮልስም በኋላ ሁለት መታጠፊያ ያለው ሰሚያስ አግኝቷል። እሱን ወደ አሮጌው እናዛውር የሚሉ አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን ሻንሲ መቁረጥና መበየድ ይጠይቃል።

ሰዓቴ ስላለቀ የርዕሱን ቀሪ በሩጫ ልንካ። ከሁሉ በፊት ያለቀ ፔርኖ፣ ቴስቲኒና አሞርዛተር ይቀየር፤ በላላ እግር ላይ የሚደረግ ማሻሻያ ከንቱ ነው። ራዲያል ጎማ ከአሮጌው ዓይነት ጋር አይቀላቀል፤ ግድ ከሆነ ራዲያሉ ከኋላ ይሁን። የፊት ጎማ ንፋስ ከኋላው ያነሰ ነው፤ ጎማ ቤት አራቱንም እኩል ሊሞሉ ሲሉ እዚያው ቆማችሁ ከልክሏቸው።