በጨው ጆንያ ላይ ያለው ጽሑፍ

በሐዋሳ ከተማ፥ በቡሹሎ፥ አንድ ሰው ለእራት ዓሣ ገዝቶ ሲመለስ፥ ጨው ፈልጎ ከሱቅ ገባ እንበል። ባለሱቁ ከተከፈተው ጆንያ በጣሳ ሰፍሮ፥ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጠዋል። ሰውየው ጨውን ይዞ ሄደ፤ የጨው ገላጭ ጽሑፍ ግን ከጆንያው ጋር ከሱቁ ቀረ።

ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ቁጥር 204 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዛል፤ ይኸውም ሕዝቡን ከእንቅርት፥ በማኅፀን ያለውንም ሕፃን ከአእምሮ ጉዳት ለመጠበቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ገዢውን የሚያሳስት ገላጭ ጽሑፍን ይከለክላል።

ይሁን እንጂ አዮዲን በዓይን አይታይም፤ በምላስም አይለይም፤ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይቀንሳል። ስለዚህ አምራቹ ሕጉን አክብሮ ቢልክ እንኳ፥ ጆንያው ተከፍቶ ሲከርም ጽሑፉ እውነትነቱን እያጣ ይሄዳል።

እኛ የቢሮ ሰዎች ቁጥርና ቀን የሌለውን ደብዳቤ ወደ መዝገብ አናስገባም። ታዲያ ከልጆቻችን ወጥ የሚገባውን ጨው ስለ ምን ሳናነብ እንገዛለን? ታሽጎ የመጣውን እንምረጥ፤ የአምራቹን ስምና የአገልግሎቱን ማብቂያ ቀን እንመልከት፤ ከቤትም ክዳን ባለው ዕቃ እናኑረው። ተቆጣጣሪ በየሱቁ ደጃፍ ሊቆም አይችልም፤ ማንበብ የሚችል ገዢ ግን በየዕለቱ ከዚያ ይቆማል።