የማይታወቅ ዕቃ በኮፈን ሥር፦ የአሮጌ ቮልስ እድሳትና የማስረጃ አነባበብ

የመረጥሁት ጉዳይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። አሮጌ መኪና ስናድስ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ስሙንም ሥራውንም የማናውቀው ዕቃ ስናገኝ ምን እናድርገው? ምሳሌዬ ሁላችሁም የምታውቁት ቮልስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱበት ይኸው ዓይነት መኪና ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ይታያል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ብዙ ጊዜ ተገጥሟል፤ ስለዚህ ከኮፈኑ ሥር የምናየው ሁሉ ፋብሪካው ያስቀመጠው አይደለም።

አዳሹ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በእኛ አገር በቀላሉ ያሳስታል። መኪናው የተነደፈው በጀርመን ነው፤ የጥገና መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው፤ የጋራዥ ቋንቋችን ደግሞ በብዛት ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ እያለ ሙያውን የተማረ ሰው እነዚህን ቃላት በመጽሐፉ ማውጫ ውስጥ አያገኛቸውም። መጽሐፉን ያነበበው ተማሪም ጋራዥ ሲገባ የሚጠራው ስም አይሰማለትም። ስም የተነፈጋቸው ዕቃዎችም አሉ። በቮልስ ሞተር ዙሪያ የተለያየ ቅርጽና ተግባር ያላቸው ብዙ ክፍሎች «ላሜራ» በሚል አንድ ቃል ይጠቃለላሉ፤ በአንድ ቃል የተጠቃለለ ነገር ደግሞ በአንድነት ይጣላል።

እኔ የምመክረው ከስሙ በፊት ግንኙነቱን መከተል ነው። ዕቃው ከምን ጋር ተያይዟል? ወደ እርሱ የሚገባው ሽቦ ነው፣ ቱቦ ነው ወይስ ዘንግ? ከሶሌክስ ካርቡራተር ጎን አንድ ሽቦ ብቻ የሚገባባት አነስተኛ ሲሊንደር ትገኛለች። በሌላው ወገን ደግሞ በሦስት ብሎኖች የታሰረ ክብ ክዳን አለ፤ እርሱም አንድ ሽቦ አለው። ሁለቱም ሽቦዎች የሚመጡት ከኮይሉ ነው፤ በዓይን ብቻ ተግባራቸውን መለየት ያስቸግራል። ቁልፉን ከፍተን የሲሊንደሯን ሽቦ ነቅለን ብንመልሰው «ቀጭ» የሚል ድምፅ እንሰማለን። ይህች ሞተሩ ሲጠፋ የዝግታ ዙሩን የነዳጅ መተላለፊያ የምትዘጋ ኤሌክትሮማግኔት ናት፤ የጋለ ሞተር ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ እየተንፈራፈረ እንዳይቀጥል ትከላከላለች። ሽቦዋ ከተነቀለ መኪናው እየሄደ ደህና ይሆንና መብራት ላይ ሲቆም ይጠፋል። ክብ ክዳኑ ግን ድምፅ የለውም። በውስጡ ያለው የብረት ጥምዝ በኤሌክትሪክ እየሞቀ ለቀዝቃዛ ሞተር ማስነሻ የተዘጋውን የአየር በር ቀስ በቀስ ይከፍታል። አንዱ በቅጽበት፣ ሌላው በደቂቃዎች ይሠራል፤ ማንነታቸውን የገለጠልን ይህ ልዩነት ነው።

ሽቦን ለመከተል ጀርመኖች ትልቅ ውለታ ውለውልናል። ዲን 72552 በተባለው ደረጃቸው መሠረት እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መገናኛ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም ብዙውን ጊዜ በዕቃው ላይ ተቀርጿል። 30 ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ 15 ቁልፉ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ፣ 31 የቦዲ፣ 50 ወደ ሞተሪኖው የሚሄድ ነው። በኮይሉ ላይ 1 ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የመገናኛ ነጥቦች፣ 4 ከፍተኛውን ኃይል ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይወስዳል። የሽቦው ቀለም በየጊዜው ሲቀየር ኖሯል፤ ብረት ላይ የተቀረጸው ቁጥር ግን እንዳለ ነው።

የዕቃ ቁጥርም እንዲሁ ይነበባል። የቮልስዋገን ቁጥር ሲጀምር ያሉት ሦስት አኃዞች የመኪናውን ዓይነት ያመለክታሉ፤ 111 ወይም 113 የቮልስ፣ 211 የትራንስፖርተር ነው። ቀጥሎ ያለው አኃዝ ክፍሉን ይናገራል፤ 1 ሞተር፣ 3 ማርሽ፣ 8 አካል፣ 9 ኤሌክትሪክ። ስለዚህ 113 129 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የቮልስ ሞተር ካርቡራተር ወገን ነው፤ ከሦስቱ አኃዞች ቀጥሎ 905 ካየን የማቀጣጠያ ክፍል ነው። ነገር ግን በቮልስ ላይ 211 ወይም 311 ያለበት ዕቃ ስላገኘን «ባዕድ ነው» ብለን አንቸኩል። ፋብሪካው አንድን ዕቃ ለብዙ መኪኖች ይጠቀም ነበር፤ ቁጥሩ የሚነግረን የትውልድ መንደሩን እንጂ የመኖሪያ አድራሻውን አይደለም።

አንዳንድ ጊዜም ዕቃው ሳይኖር ዱካው ይቀራል። በካርቡራተሩ ላይ በብሎን የተደፈነ የጎማ ቱቦ ብታዩ በአንድ ወቅት ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ይሄድ የነበረ የአየር መሳቢያ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ቦሽ 0 231 178 009 የሚል ቢነበብ ጥርጣሬው ይጸናል፤ ይህ ዓይነት ብልጭታውን የሚያስቀድመው በሽክርክሪት ኃይል ብቻ ነውና። ነዳጅ ስትሰጡት ለቅጽበት የሚደናቀፍ ሞተር ካላችሁ ምክንያቱን እዚህ ፈልጉ።

ወደ ላሜራዎቹ ልመለስ፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነውና። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። ቺንጋው ዲናሞውን ያዞራል፤ በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ያለው ማራገቢያ አየር ስቦ በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል። ላሜራዎቹና በሞተሩ ክፍል ዙሪያ የተዘረጋው የጎማ ማሸጊያ ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ ይከላከላሉ። «ሞተሩ ይተንፍስ» ተብለው ሲወጡ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍሳል። በስተቀኝ ከሲሊንደሮቹ ሥር ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የነሐስ ዕቃ አለ፤ ከእርሱ ቀጭን ዘንግ ተነሥቶ በሲሊንደሮቹ መካከል ወደ ላይ ይወጣል። ቴርሞስታት ነው፤ 65–70 ዲግሪ ተብሎ ተጽፎበታል። ሲሞቅ ተዘርግቶ የአየር መዝጊያዎቹን ያስከፍታል፤ ቢበሳም ተዘርግቶ ስለሚቀር መዝጊያዎቹ ክፍት ይሆናሉ እንጂ ሞተሩን አያቃጥልም። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ተብሎ የሚወገደው ይህ ዕቃ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ ንጋት ላይ መኪና ያስነሣ ሰው ግን ቀዝቃዛ ሞተር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ይህን ስል የፋብሪካውን ሥሪት ሁሉ ትክክል፣ የጋራዡን ሥራ ሁሉ ስሕተት ማለቴ አይደለም። በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚለካባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፤ የቀዳዳዋ ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ተጽፎባታል። ቁጥሯ ከመጽሐፉ አንሶ ብታገኙት ወዲያው «በመጽሐፉ ልክ» አትለውጧት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ለባሕር ጠለል የተመጠነ ነዳጅ ይበዛል፤ አንድ ያልታወቀ ሠራተኛ ጥቁር የካንዴላ ጫፍ አይቶ ልኩን አስተካክሎ ይሆናል። ለዚያ ሥራው የጻፈው ነገር የለም፤ የቀረችልን ብሎኗ ብቻ ናት። ስለዚህ በዕድሜ የገፉ መካኒኮችን «ምን ይባላል?» ከማለት ይልቅ «አባባ፣ ይህ ቢወጣ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሳቸው «ምንም አይሆንም» ቢሆን እንኳ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው መኪና ላይ አውጥቶ እንዳየው ጠይቁ። መልሱን ከዕቃው ጋር በሚታሰር ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከመፈታቱ በፊትም ከየት ወደ የት እንደተያያዘ ፎቶግራፍ አንሡ።

በጠረጴዛው ላይ ከአንድ ቮልስ የተፈቱ 9 ዕቃዎች አሉ፤ ቁጥራቸውን አልሸፈንሁም፤ ስማቸውን ግን አልጻፍሁም። እባካችሁ ቀረብ በሉ፤ ከሽቦዎቹ እንጀምር።