የኮምፒዩተር ተራና ቅድሚያ



የመስኖ ውሃ በተራ መሆኑን እኛ የሲሪንቃ ልጆች ከመጽሐፍ አልተማርነውም። የኮምፒዩተርም አንዱ አንጎል በተለምዶ በአንድ ጊዜ አንድ የሥራ ክር ብቻ ስለሚያስኬድ፥ ተራ አስከባሪው ፕሮግራም ለየክሩ ከሴኮንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ እየሰፈረ ያድላል፤ ባለ ቅድሚያውም ይቀድማል።

ነገር ግን ቅድሚያ ብቻውን ይበቃልን? በ1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ያረፈው የፓዝፋይንደር ኮምፒዩተር ሥራውን እያቋረጠ እንደገና ይነሣ ጀመር። ታናሹ የአየር ጠባይ መዝጋቢ ክር ታላቁ ክር የሚፈልገውን ቁልፍ እንደ ያዘ፥ መካከለኞቹ እየቀደሙት አላስጨርስ አሉት፤ ታላቁም አብሮ ታገደ! መሐንዲሶች ከምድር በላኩት ትእዛዝ ታናሹ ቁልፉን እስኪለቅ የታላቁን ቅድሚያ እንዲዋስ አደረጉ። በቦይ ዳር ቢሆን፥ ተረኛው ውሃ የያዘውን ጎረቤቱን እንደ ማገዝ ነው። ኮምፒዩተሩም በዚያ ምክንያት ዳግመኛ አልተቋረጠም።