መጀመሪያ ዕቃውን ለኩ

 

ልጆቼ፣ ዛሬ ጋውን የለበሳችሁት በብረታ ብረትና በብየዳ ሙያ ነው። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት ገጠር ለገጠር እየዞርኩ የእጅ ውኃ ፓምፕ ስጠግን ነው። እኔንና እናንተን የሚያገናኘን ይህ እግሬ ሥር ያለው የመሣሪያ ሳጥን ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን መሣሪያዬን የምይዘው በማዳበሪያ ጆንያ ነበር። አንድ ቀን አራት ሰዓት በእግር ተጉዤ አንድ ቀበሌ ደረስኩ። የተበላሸው አፍሪዴቭ ነው። አፍሪዴቭ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ውኃ የሚያወጣ፣ ለጥገና የተመቸ ፓምፕ ነው፤ ቧንቧውን ሳትነቅሉ ዘንጉን ብቻ እየሳባችሁ ፒስተኑን ታወጣላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚያልቀውም አንዲት የፒስተን ጎማ ናት። ፈታሁ፣ ሳብኩ፣ አወጣሁ። አዲሷን ጎማ ከጆንያው ሳወጣ አብሯት የታጨቀው ሴጌቶ ጠርዟን ቆራርጧታል። ጄሪካን የደረደሩት እናቶች አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። አንዷ ጄሪካኗን አንስታ ወደ ወንዙ መንገድ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ብየዳ የተማርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው፤ ለአንድ ሳጥን ብዬ። የመጀመሪያውን የሠራሁት ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው፤ ጠንካራ ይሁን ብዬ። ባዶውን ወደ 17 ኪሎ መዘነ፤ ለእግር መንገድ የማይሆን ሸክም ነው። ሁለተኛውን በ1.5 ሚሊ ሜትር ስሠራ ግማሹን ቀነሰልኝ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉልኝ። ለሁለተኛው ሳጥን እጀታና እግር የሚሆን ብረት ስፈልግ ከአሮጌ ኢንዲያ ማርክ ፓምፕ የተነቀለ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ አገኘሁ። ዝናብ ስለነበር በሩን ዘግቼ በየድኩት። ነጭ ጭስ ክፍሉን ሞላው፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነገር በአየር ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ ምላሴ ላይ ጣፋጭ የብረት ጣዕም ቀረ። ማታ አንቀጠቀጠኝ። መገጣጠሚያዬ ሁሉ ተቆረጣጠመ፣ ትኩሳቴ ናረ። ወባ ነው ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ደሜ ተመረመረ፣ ወባ የለም። በማግሥቱ ምንም እንዳልነበረ ለቀቀኝ። መርዙ በገዛ እጄ ባነሣሁት ኤሌክትሮድ እንደገባብኝ የነገረኝ አንድ አረጋዊ በያጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋልቫናይዝድ ብረት የተለበጠው በዚንክ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ብረቱ የሚቀልጠው 1500 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ዚንኩ ተንኖ ወደ ሳንባችሁ ገብቷል። ትኩሳቱ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰው ከብየዳው ጋር አያገናኘውም። ወተት ጠጡበት የሚላችሁ አይጠፋም። ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው! አፍ ላይ የሚታሰር ሻርፕም አያግደውም። የምትበይዱበትን ቦታ ግራና ቀኙን አራት አምስት ሴንቲ ሜትር በግራይንደር ግፈፉት፤ የቧንቧውን ውስጡንም አትርሱ። ደጅ ውጡ፣ ነፋሱን በጎናችሁ አድርጉ፣ የጭስ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ልበሱ። ቀጣሪያችሁ ጭንብል አልገዛም ካላችሁ፣ ያንን ሥራ አትሥሩ። ይህን የምላችሁ እንደ አባት ነው።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ብዙ ልጆች ላሜራ ሲያገኙ መጀመሪያ ላሜራውን ይለካሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ለኩ! ፓፓጋሎው፣ ፒንሳው፣ የፓምፑ መፍቻ፣ ከጉድጓድ ውስጥ ቫልቭ የሚያወጣው መንጠቆ፣ ሁሉም መሬት ላይ ይዘርጋና ሥራው በሚፈልጋቸው ቅደም ተከተል ይደርደር። የኔ ሳጥን 60 በ25 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ጎማዎቹ ከብረትም ከግራሶም የተለየ ክፍል አላቸው። ክዳኑ ሲገለበጥ ትሪ ይሆናል፤ ብሎን ሣር ውስጥ አይጠፋም። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ማረፊያ ስላለው፣ ልዘጋ ስል ባዶ ቦታ ካየሁ አንድ ነገር ጉድጓዱ አፍ ላይ ረስቻለሁ ማለት ነው።

ቀጭን ላሜራ ላይ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ አትበይዱ፤ ይጣመማል። ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው እየዘለላችሁ ሂዱ።

ሥራ የለም ስትሉ እሰማለሁ። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ቁርጥራጭ ላሜራ ግዙ። ከዚያ ሰፈራችሁ ያለው ጎሚስታ ዘንድ ቁጭ በሉ፤ በቀን ስንቴ ጎንበስ እንደሚል፣ የትኛውን ዕቃ እየፈለገ እንደሚቆጣ እዩ። ምሰሶ የሚወጣውን የመብራት ሠራተኛም ጠይቁት። ከገበያ የሚገዛው ሳጥን የእነሱን እጅ አያውቅም።

ሳጥኔን ይዤው የመጣሁት እንድታዩት ነው። ፎቶ ተነሥታችሁ ስትጨርሱ ኑና ክፈቱት። ሜትር ያላችሁ ለኩት። በስተቀኝ ያለው ማጠፊያ ትንሽ ይይዛል፤ ክዳኑን ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ ሳቡት።